ደሴ ላይ ለተረሳ የባሕር አኳሪየም ነፍስ መዝራት

ያጎቴ ልጅ ከጅዳ ሲመለስ ከዕቃው ሁሉ አብልጦ የሳሳለት አንድ የመስታወት ገንዳ ነበር። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድ፣ 50 ከፍታ። 300 ሊትር ይይዛል። ፒያሳ በከፈተው ካፌ ውስጥ አቆመው። ኮራሉ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው የባሕር እንስሳ)፣ ዓሣው፣ ሰማያዊ መብራቱ፣ ምኑ ቅጡ። ለሁለት ዓመት ሰው ቡና ሊጠጣ ሳይሆን ዓሣ ሊያይ ይገባ ነበር። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ጨው አለቀ፣ ትልቁ ፓምፕ መጮኽ ጀመረና ተነቀለ። አንድ ቀን ደወለና "ወንድሜ፣ ወይ አድነው ወይ ልድፋው" አለኝ።

ስደርስ ውሃው ሻይ መስሏል። መስታወቱ አረንጓዴ ለብሷል። ሰማያዊና ሐምራዊ የነበሩት ቅርንጫፋማ ኮራሎች ነጭ አጥንት ብቻ ቀርተዋል። ጥግ ላይ ግን አንዲት ብርቱካንማ ክላውን ፊሽ ሁለት ነጭ ቀበቶዋን እንደታጠቀች ትዋኛለች። ማሞቂያውና ትንሿ የአየር ፓምፕ ሳይነቀሉ ቀርተው ነው የተረፈችው። ድንጋዩ ላይም ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች እንደ ጡጫ ተጨብጠው ይታያሉ። "አብሽር፣ ይድናል" አልኩት። "ግን ዛሬ አይደለም።"

ዛሬ አይደለም ያልኩት ከቆየ ጥፋቴ ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ የተተወ አኳሪየም አጽዳ ተብዬ ነበር። ጠዋት ገብቼ ውሃውን ከግማሽ በላይ ቀየርኩ። አሸዋውን አገላበጥኩ። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አጠብኩ። ማታ ዓሣው ሁሉ በጎኑ ተንሳፈፈ። መስታወቱ ግን በጣም ያምር ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይኸውላችሁ። የተረሳ ገንዳ በአንድ ቀን አልተበላሸም። ከቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሲጨምር፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ጥቂት ጥቂት ሲወርድ፣ በሕይወት የቀረው እንስሳ እየተላመደው ኖሯል። ንጹሕ ውሃ በአንዴ ሲገባበት ይደነግጣል። በዚያ ላይ ፒኤቹ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣው አብዛኛው አሞኒያ ብዙ በማይጎዳው መልኩ፣ በአሞኒየምነት ነው የሚቀመጠው። ፒኤቹን በአንዴ ከፍ ስታደርጉት ወደ መርዛማው መልኩ ይገለበጣል። ስለዚህ ሦስት ወር መድቡ። ሦስት ወር የማይታገሥ ሰው ዓሣውን ለሚንከባከብ ሰው ሰጥቶ ገንዳውን ቢሸጠው ይሻላል።

እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሶኬቱን እዩ። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፤ የተረጨው ሲደርቅ ደግሞ ነጭ ጨው ሆኖ ማከፋፈያው ላይ ይጋገራል። የእኛው ማከፋፈያ ወለል ላይ ተጥሎ እንደ በረዶ ነጥቶ ነበር። ጣልነው። አዲሱን ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ እያንዳንዱ ገመድም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ እንዲል አደረግን። ውሃ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ቢመጣ ከረገበው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እጅ ውሃ ውስጥ በሚገባበት ጊዜ ሁሉ፣ ሁሉም ነገር ይነቀል።

ሁለተኛው አደጋ በዓይን የሚያምር ነው። ድንጋዩ ላይ የቁልፍ አዝራር የሚመስሉ፣ በመንጋ የሚበቅሉ ለስላሳ እንስሳት አሉ። ዞአንቲድ ይባላሉ፤ ተለቅ ያሉት ፓሊቶአ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ ይይዛሉ። የጎማ ጓንት አድርጉ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም። ቁስል ያለበት እጅ ጨርሶ አይግባ። ድንጋዩን በደረቁ አትፈቅፍቁት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትቀቅሉት፣ የፈላ ውሃም አታፍሱበት። እዚህ አገር ያልተቀቀለ ነገር የጸዳ አይመስለንም። ድንጋይ ቀቅለው እንፋሎቱን የተነፈሱ ሰዎች ግን ቤተሰባቸውን ይዘው ሆስፒታል የገቡበት አጋጣሚ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል። ያጎቴ ልጅ ትልቅ ብረት ድስት አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀኝ። ድስቱን ወደ ጓዳ መለስነው።

አየር

ስለ ባሕር አኳሪየም የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ ያለችው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ድሮም ከጣፋጭ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ጅዳ ላይ አንድ ፓምፕ የሚበቃው ገንዳ እዚህ ጦሳ ተራራ ሥር ሲመጣ ይታፈናል።

ስለዚህ ጽዳቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ውሃው ይንቀሳቀስ። የፓምፑን አፍ ወደ ውሃው ገጽ አዙሩና ላዩ እንደ ድስት ውሃ ይንተክተክ። ውሃው ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ካለ የኩሽና ወረቀት ገጹ ላይ አንጥፋችሁ አንሱት፤ አየር የሚከለክለው እሱ ነው።

የተጋገረ ፓምፕ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ፈታቱት፤ መሐሉ ያለችውን የምትሽከረከር ማግኔት አውጡ። ነጩን አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። አቼቶው ሲንጨረጨር ትሰማላችሁ፤ ኖራ የመሰለው ቅርፊት እየሟሟ ነው። በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቁት፣ በውሃ በደንብ አለቅልቁት። "ተቃጥሏል" የተባለው ትልቁ ፓምፕ እንዲህ ታጥቦ ተነሳ። አንድም የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

ሙቀት

የሚፈለገው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ለዚህ አይመችም። አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከመግዛት ሁለት ባለ 200 ዋት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆየዋል፤ አንዱ አልጠፋ ቢል ደግሞ ብቻውን ገንዳውን አይቀቅለውም። የእኛ ውሃ 22 ላይ ነበር። በቀን አንድ ዲግሪ እያልን አወጣነው።

ጨው

ከገንዳ የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። በየቀኑ የጎደለው በጣፋጭ ውሃ ካልተተካ የቀረው እየወፈረ ይሄዳል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን እየጨመረ ነው።

መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ነው። መጀመሪያ 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ ከዚያ ሁለት ጠብታ የገንዳ ውሃ ጣል አድርጋችሁ ወደ ብርሃን አቅኑት። ጤነኛው ንባብ በሺህ 35፣ ወይም 1.026 አካባቢ ነው። የእኛ 41 አለ። ክላውን ፊሽዋ እንዴት ቻለችው? ባለ ሁለት ቀበቶዋ የቀይ ባሕር ዘር ናት። ቀይ ባሕር ደግሞ ከሌላው ባሕር ጨዋማ ነው፤ 40 አካባቢ ይደርሳል። አገሯ መስሏት ይሆናል።

ገንዳው አራት ጣት ጎድሏል። አራት ጣት 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በርዝመቱና በወርዱ ስታባዙት 42 ሊትር ይመጣል። ድንጋዩን ትተን፣ 258 ሊትር ባለ 41 ውሃ ላይ 42 ሊትር ጣፋጭ ውሃ ብንጨምር ወደ 35 ይወርዳል ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳናደርግ! ግን በአንዴ አይሆንም። በቀን 6 ሊትር፣ ለሰባት ቀን፣ በቀጭን ቱቦ እየተንጠባጠበ። በየቀኑ የሚተነውን ለየብቻ ተካነው። መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምራችሁ በየጠዋቱ ውሃው መስመሩ ጋ መሆኑን ማየት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። በባልዲ አድርጋችሁ አየር እየነፋችሁበት አንድ ሁለት ቀን ብታሳድሩት ክሎሪኑ ይወጣል፤ የተሟሟው ማዕድን ግን አይወጣም። ለኮራል ትክክለኛው አርኦ የሚባለው፣ ማዕድኑንም የሚያስቀረው ማጣሪያ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዲአይ የሚባለው ሬዚን ያለበት። የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የተሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳየው) ዜሮ መነበብ አለበት። የውሃ ወረፋ ባለበት ሰፈር ውሃ በመጣበት ቀን በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። በርሜሉ የምግብ ፕላስቲክ ይሁን፤ ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን አይሆንም።

"ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ብናጠራቅምስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቆርቆሮ ጣራ ዚንክ አለበት፤ ዚንክና መዳብ ደግሞ ለኮራል፣ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ናቸው። ተውት።

ጨውም እንደዚሁ። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የባሕር ውሃ ከምግብ ጨው በተጨማሪ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌላም አለው፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከእነዚህ ነው። አሞሌ ፈጭቶ የሚሞክር ሰው አይቼ አውቃለሁ። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ብቻ ግዙ። አዲስ አበባ ከሌለ ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምኑ፤ እኛ ያስመጣነው በዘመድ ሻንጣ ነው። ለ30 ሊትር 1.1 ኪሎ ያህል ይሄዳል። ጨው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ጨው ላይ አይፈስም፤ አለዚያ ይጓጉላል። በፓምፕና በማሞቂያ አንድ ቀን ይዙር። ከዚያ ለኩት፤ ከገንዳው ጋር በጨውም በሙቀትም እኩል ሲሆን ብቻ ይገባል።

ውሃ መቀየርና አሸዋው

ጨው ከተስተካከለ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየሦስት ቀኑ 15 ሊትር ቀየርን። ከዚያ በየሳምንቱ 30። አንዳንዱ ሰው ናይትሬቱ ወዲያው ካልወረደ ተስፋ ይቆርጣል። ሒሳቡን አስቡት፤ በሊትር ከ160 ሚሊግራም ተነስታችሁ 10 በመቶ 10 ጊዜ ብትቀይሩ፣ አዲስ ቆሻሻ ባይጨመርበት እንኳ 56 ላይ ነው የምትደርሱት። ምግብ ቀንሱ። አንዲት ዓሣ በቀን የምትበላው አውራ ጣት ጥፍር አይሞላም። የካፌው አስተናጋጆች እያንዳንዳቸው "ርቧት ይሆናል" እያሉ ሲበትኑላት ኖረዋል። የምግቡን ጣሳ ቆለፍነው።

ውሃ ስትቀዱ በጎማ ስባችሁ ቆሻሻውን አብራችሁ አውጡ። አሸዋው በመስታወቱ ጎን ሲታይ ጥቁር ከሆነና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ዓሣ ይገድላል። ገንዳውን በሐሳብ አሥር ቦታ ከፍላችሁ በየውሃ ቅየራው አንዱን ክፍል ብቻ እየሳባችሁ አውጡ። የቀረውን አትንኩ። ፊልተር ስፖንጅ ካለ የሚታጠበው በተቀዳው የገንዳ ውሃ ነው፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ነው የሚኖሩት፤ በቧንቧ ክሎሪን አትፍጇቸው። ዋናው ቤታቸው ግን ድንጋዩ ነው። ድንጋይ ካወጣችሁ በገንዳው ውሃ ባልዲ ውስጥ ይቆይ፤ አይድረቅ።

አልጌ

ፀጉር የመሰለውን አረንጓዴ አልጌ በእጅ ንጩት፤ የቀረውን ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ እንደተነከረ በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቁት። ገንዳው ውስጥ ሆናችሁ ከፈቀፈቃችሁት ዘሩን በየቦታው ትበትኑታላችሁ። ቀይ ሆኖ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው ሌላ ነው፤ ሳይኖባክቴሪያ። እሱን በጎማ ስባችሁ ፓምፑን ወደዚያ ቦታ አዙሩ። በአራተኛው ሳምንት አልጌው ተመልሶ ሲመጣ ያጎቴ ልጅ ተናደደ። የሚጠበቅ ነበር። ድንጋዩ ለዓመት የጠጣውን ፎስፌት መልሶ ወደ ውሃው ሲተፋው ወራት ይወስዳል። ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ የፎስፌት ማጣሪያ ይረዳል። ለቢጫው ውሃ ደግሞ ለአኳሪየም የተሠራ አክቲቬትድ ካርቦን አለ፤ የቡና ከሰል አይተካውም።

አይፕታሲያ

ትንሽ ቡናማ ዘንባባ የሚመስል ነገር በየስንጥቁ ካያችሁ አታምራችሁ፤ አይፕታሲያ የምትባል እንስሳ ናት፣ የገንዳ አረም። ብትቆርጧት፣ ብትፈቀፍቋት ከቁራሿ አዲስ ይበቅላል። የእኛ ገንዳ ውስጥ 30 ያህል ቆጠርን። በቀጭን ስሪንጅ የሎሚ ጭማቂ ያዙ። ፓምፖቹን አጥፉ። ቀስ ብላችሁ መርፌውን ወደ አፏ አቅርቡ፤ ጥላችሁን ካየች ቀዳዳዋ ውስጥ ትሰወራለች። ከአካሏ ውስጥ አስገብታችሁ ጭማቂውን ግፉ። ወዲያው ትኮማተርና ነጭ ትሆናለች። በአንድ ቀን ከአምስት አይብለጥ፤ የሎሚው አሲድ ፒኤቹን ያወርዳል። ግማሹ ይመለሳል። ደግማችሁ ትወጓቸዋላችሁ።

መብራት

ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ኮራል በአካሉ ውስጥ በሚኖር ጥቃቅን አልጌ ነው አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው። ለወራት በሻይ ቀለም ውሃ ሥር ጨለማ የለመደ ኮራል፣ ውሃው ጠርቶ መስታወቱ ሲጸዳ ያው መብራት እንደ ቀትር ፀሐይ ይመታዋል። ይነጣል። ስለዚህ ውሃው በሚጠራበት ሳምንት መብራቱን ወደ ግማሽ አውርዱት። በቀን 6 ሰዓት ጀምሩና በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ 8 ላይ አቁሙ።

የውሃውን ቁጥሮች እዚህ ላስቀምጥ፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ገንዳው ጎን ለጥፉት። ከፒኤችና ከአልካሊኒቲ በቀር ሁሉም በሊትር ሚሊግራም ነው። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ። ናይትሬት ከ10 በታች ቢሆን ደስ ይላል፤ ለለስላሳ ኮራል 20ም ችግር የለውም። ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1። ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4። አልካሊኒቲ (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 10። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየም 1,300 አካባቢ። አንዱን ለማስተካከል ስትሮጡ ሌላውን እንዳታናጉ፤ መጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የውሃ ቅየራው ራሱ አብዛኛውን ያስተካክለዋል።

መብራት ሲጠፋና ቡና ሲፈላ

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ ሙቀቱ ይቆያል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ከተገኘ በጣም ጥሩ። ኢንቨርተር ካለ አንድ የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፕ ብቻ አገናኙበት፤ ማሞቂያ ባትሪውን ወዲያው ይጨርሰዋል። ሙቀቱን በጋቢ ትይዙታላችሁ። ገንዳውን በሦስት ጎን ጠቅልሉ፤ ላዩን ክፍት ተዉት፣ ይተንፍስ።

ቡናው ላይ ትንሽ ተከራከርን። የረከቦቱ ቦታ ከገንዳው ጎን ነበር፤ ዕጣኑም ከሰሉም እዚያው ይጨሳል። ፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻውን በአረፋ እየለየ የሚያወጣው መሣሪያ) ከክፍሉ አየር እየሳበ ነው አረፋ የሚሠራው፤ ጭሱንም አብሮ ይስባል። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበኩሉ ፒኤቹን ያወርዳል። ወሎ ውስጥ ለዓሣ ተብሎ ቡና አይቀርም፤ ረከቦቱ ወደ በሩ ተዛወረ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ፒኤቹ በአንድ ሳምንት ከ7.8 ወደ 8.0 ወጣ። የትንኝና የበረሮ ስፕሬይ ግን ክፍሉ ውስጥ በፍጹም አይነፋም።

በ11ኛው ሳምንት ተጨብጠው የነበሩት ለስላሳ ኮራሎች ተከፈቱ። አንዱ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሰፍቷል። ያጎቴ ልጅ ወዲያው ሌላ ዓሣ ላምጣ አለ። አንድ ወር ሙሉ አሞኒያው ዜሮ ሆኖ ካየነው አንድ ታመጣለህ አልኩት፤ አንድ ብቻ። እሱም መጀመሪያ በሌላ ትንሽ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ መዳብ ያለበት መድኃኒት እዚያ ይሰጠዋል፤ ትልቁ ገንዳ ውስጥ መዳብ ከገባ የዳኑት ኮራሎች ያልቃሉ። ትንሹን ገንዳ ጓዳ ውስጥ፣ ከብረት ድስቱ አጠገብ አስቀመጥነው። ክላውን ፊሽዋ አሁን ጥግ አትይዝም፤ ሰው ሲመጣ መስታወቱ ድረስ መጥታ ታፈጣለች። ምግቡ እስካሁን እንደተቆለፈ ነው።